የአምቦ ድንጋይ ለአምቦ አዳራሽ

በደርግ ጊዜ ነው። ከጊንጪ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ግንበኛና አንዲት አስተማሪ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ የአምቦን አዲስ አዳራሽ የገነቡት እርስዎ ነዎት አሉ?»

«ከጓደኞቼ ጋር ነው፣ ልጄ። ፕላኑ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ግን በብሎኬት ነበር።»

«ታዲያ እንዴት በድንጋይ ተሠራ?»

«የጠረብኩትን የአምቦ ድንጋይ ተሸክሜ ቢሮ ገባሁና ፕላኑን ያመጣው መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ‹ጓድ፣ አዲስ አበባን ያሳመረ ድንጋይ ለአምቦ ምን ይጎድለዋል?› አልኩት።»

«አልተቆጣም?»

«ድንጋዩን ዳበሰው። ከዚያ ፕላኑን ጠቀለለና ‹የሚወጣበትን ቦታ ያሳዩኝ› አለኝ።»

«ተማሪዎቼ በዚያ ባለፉ ቁጥር ‹የእኛ አዳራሽ› ይላሉ።»

«ኤዬ፣ እንዴታ! ድንጋዩ ከደጃቸው የወጣ ነዋ!»

ትኬቴ እስከ ጌዶ ቢሆንም፣ አምቦ ላይ አብሬያቸው ወረድኩ።