ዘጠኝ መለኪያ በአንድ ኪስ

ዝናቡ ባያስጠልላቸው ኖሮ ካቦውና ለኪዋ በእኔ በነርሷ ክፍል ባልተገናኙ ነበር። የኑክሌር ኃይል ማመንጫው ላይ አደጋ ከደረሰ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የካቦው ስምንት ሠራተኞች የተበከለውን አፈር እየቆፈሩ ከረጢት ይሞላሉ። አንደኛው የካቦው አንድያ ልጅ ነው፤ የሚቆፍረውም ውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ነው።

ለኪዋ የምንላት ወጣት የጨረራ ባለሙያ ወረቀቷን ዘርግታ፣ የስምንቱም ሠራተኞች የወር የጨረራ ቁጥር ከካቦው ቁጥር ጋር ለምን አንድ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀቻቸው። ካቦው የደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ጎረምሶቹ ደረታቸው ላይ የሚሰኩትን የጨረራ መለኪያ ጭቃ ውስጥ እንዳይጥሉት፣ እሳቸው ጠዋት ጠዋት ሰብስበው ይይዙላቸዋል። አደራ በላ ተብለው እንደማያውቁም ጨመሩ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚውሉት የት ነው?»

«መኪናው ጋ ነዋ፣ ከረጢት አስጭናለሁ።»

«እዚያ መሬቱ ተጠርጎ ጠጠር ለብሷል፤ ጨረራው ትንሽ ነው። ይህ የእርስዎ ቁጥር ነው፣ ዘጠኝ ጊዜ የተጻፈ። የልጅዎ የለበትም።»

«ምን ልዩነት አለው ልጄ? ሁላችንም አንድ ግቢ ነው የምንውለው። ጨረራ እንደሆነ አይታይ፣ አይሸት።»

«ስለማይታይ እኮ ነው የምንለካው። ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ቦዩ ውስጥ አከማችቶታል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ?»

ካቦው ፊታቸው ተለዋወጠ። አሳዘኑኝ፤ ግትር እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ያለፈው ወር ልኬት እንግዲህ ጠፍቶ ይቀር እንደሆነ ጠየቁ።

አይጠፋም አለች። እያንዳንዱ ቦታ በሰዓት የሚሰጠው ጨረራ ተለክቷል፤ የጎደለው ማን የት ስንት ሰዓት እንደዋለ ነው። እዚህ ላይ ካቦው ባለሙያ ሆኑ። ማን መቼ እንደቀረ፣ ማን ከማን ጋር ቦታ እንደተለዋወጠ ሁሉን በቃላቸው ያወርዱታል። እሷ ታባዛለች፣ ትደምራለች። ሰባቱ ደህና ነበሩ። ልጃቸው ግን ለዓመቱ የተፈቀደው የጨረራ ጣሪያ ላይ ለመድረስ የቀረው የሦስት ሳምንት ሥራ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ካቦው መለኪያውን በየሠራተኛው ደረት ላይ ራሳቸው ሰኩ። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ቁጥር ስለሚታወቅ ቦዩ በተራ ይቆፈራል፤ አንዱ ያለልክ አይሸከምም፣ እኔም የማንን ጤና ቀርቤ እንደምከታተል አውቃለሁ። ልጁን ያን ዕለት መኪናው ጋ መደቡት።

«እርስዎስ፣ አባዬ?» አለ ልጁ።

ካቦው አካፋውን አንስተው ወደ ቦዩ እየወረዱ ነበር።

«የኔ ገና ብዙ ይቀረዋል» አሉት። «ተለክቷል።»