ካርቶኑን ተዪልኝ

ስሙኝማ! ዘንድሮ ለገና ለወንድሜ ሚስት ምን ይዤላት ልሂድ ብዬ ተጨነቅኩ። የሱቁ ስጦታ አይቀመስም። ስለዚህ ጾሙን ሙሉ በኪሮሽ ሻርፕ ስሠራላት ከረምኩ። ማሸጊያ ስላልነበረኝ ጎረቤቴ ልትጥለው የነበረ የላፕቶፕ ካርቶን ለመንኩና ከአሮጌ ነጠላዬ ጥለቱን ቆርጬ እንደ ሪባን አሰርኩበት። እውነቴን ነው፣ አምሮ ነበር።

የበዓሉ ዕለት ሩዋንዳ ሰፈር፣ እነሱ ቤት ሄጄ ስሰጣት፣ እንግዶቹ ፊት "ላፕቶፕ!" ብላ እልል አለች። አይደለም ልላት አፌን ሳልከፍት እሷ ካርቶኑን ከፈተችው። ሻርፑ ማሸጊያ መስሏት ሶፋው ላይ ወረወረችና ካርቶኑን ገልብጣ አራገፈችው።

"የታለ?" አለችኝ።

"የወረወርሽው እኮ ነው፤ በእጄ የሠራሁት" አልኳት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ ሳቀ። እኔም፣ ምን ላድርግ፣ አብሬ ሳቅኩ።

ማታ ስወጣ እስከ በር ሸኘችኝ፤ ሻርፑን ይዛለች።

"እንቺ የኔ ቆንጆ፣ እኛ በመኪና ነው የምንሄደው። አንቺ ታክሲ ስትጠብቂ ይበርድሻል። ካርቶኑን ግን ተዪልኝ፤ ጥለቱ እንዴት ያምራል!"

ታክሲው እስኪመጣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሻርፑ እጄ ላይ ነበር፤ አልለበስኩትም።