የዋርካ ሜዳው ተኳሽ

ቅዳሜ ጧት፣ ጡረተኛው ሻምበል ዘርጋው ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን ይላጫሉ፤ ድሮ በጦሩ ውስጥ ወጥ ቤታቸው የነበረው አሥር አለቃ ባንተይርጋ በአንድ እጁ መስታወት ይዞላቸው፣ በሌላው የስንብት ወረቀቱን ጨብጦ ከፊታቸው ቆሟል።

ሻምበል፦ አልፈርምም አልኩህ። ደግሞ መስታወቱን ቀና አድርገው፣ አገጬ አይታየኝም።

ባንተይርጋ፦ ቀና አድርጌዋለሁ። እርስዎም የኔን ነገር ቀና ያድርጉልኝ። እዚህ ላይ «ሙያ፦ ሞርታር ተኳሽ» ይላል። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። መዝገብ ቤት ብሄድ፣ «የበላይህ የነበረ መኮንን ፈርሞ ይመስክርልህና እናርመዋለን» አሉኝ። ከነበሩት አለቆቼ ደግሞ በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሻምበል፦ ወጥ ቤት የነበረ ሰው ተኳሽ በሉኝ ብሎ ሲያመለክት ሰምቻለሁ። ተኳሽ የተባለ ሰው ወጥ ቤት በሉኝ ሲል ግን አንተን አየሁ። አልሳቁብህም?

ባንተይርጋ፦ ስቀዋል። አንደኛው ጓደኛውን ከጎረቤት ቢሮ ጠርቶ አብረው ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ግን ምን እንደሚያስፈልገኝ ነገሩኝ።

ሻምበል፦ ጡረታህ እንደሆነ አይጨምር አይቀንስ። ምን ልታደርግበት ነው?

ባንተይርጋ፦ ልጄን ልድርበት።

ሻምበል፦ ጥሩዓየርን? ሰው ልጁን የጀግና ልጅ ናት ብሎ ነው የሚድረው። አንተ ነገሩን ሁሉ ገልብጠህ ነው የምትይዘው።

ባንተይርጋ፦ የገለበጠውስ ሌላ ነው። አስናቀ የሚባል ልጅ ወደዳት፣ ወደደችው። እሑድ ለት ሽማግሌ ላከ። ጥሩዓየር ደግሞ የአባቴ ክብር ብላ ይህን ወረቀት በፍሬም አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። አውርጂው ስላት ትሕትና ይመስላታል። ሠፈሩም ያው ነው። ወጥ እሠራ ነበር ባልኩ ቁጥር፣ «አይ አሥር አለቃ፣ ጀግና እኮ ስለ ራሱ አያወራም» ይሉኛል።

ሻምበል፦ ታዲያ ምን ጎደለብህ? ድስት አማስለህ የጀግና ስም ይዘህ ኖርክ።

ባንተይርጋ፦ ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጠላ ተቀዳላቸው። የልጁ አጎት ዓይኑን ወደ ግድግዳው ጣል አደረገ። የጦር ክፍሉን አነበበ፣ ሙያዬን አነበበ። ጠላውን ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠና ተነሣ። ሌሎቹም ተከትለውት ወጡ። ሚስቴ በእጇ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀረች።

ሻምበል፦ ምን አግኝቷቸው?

ባንተይርጋ፦ የዋርካ ሜዳ ሰዎች ናቸው።

ሻምበል፦ እህ።

ባንተይርጋ፦ እጅዎ ቆመ። ይላጩ እንጂ።

ሻምበል፦ ምላጩ ዶልዱሟል።

ባንተይርጋ፦ አሁን እኔ ነኝ አዲስ ያስገባሁልዎት።

ሻምበል፦ ነገረኛ ሆነሃል። ውሻው ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ከሰው ጋር ነው የመጣኸው?

ባንተይርጋ፦ መንገደኞች ናቸው። ግራ ጉንጭዎ ቀርቷል።

ሻምበል፦ ይቅር፣ ይቆይ። እና የዋርካ ሜዳ ሰዎች ምን አሉ?

ባንተይርጋ፦ የሞርታሩ ቅምቡላ ገበያው መሃል የወደቀ ለት፣ የልጁ አያት በሬ ሊሸጡ ወርደው ነበር። ከበሬያቸው ጋር እዚያው ቀሩ። ባለቤታቸው ዛሬም በሕይወት አሉ። «ባሌን ከገደለ ሰው ቤት ለልጅ ልጄ ሚስት አላመጣም፣ በመካከላችን ደም አለ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ደም ካለ ሠርግ የለም። እኔ ግን ያን ደም አላፈሰስኩም።

ሻምበል፦ በጦርነት ስንቱ ሞተ፣ ስንቱ ቀረ። ለጥሩዓየር እንደሆነ ሌላ ባል አይጠፋም።

ባንተይርጋ፦ ባል አይጠፋም። ልጄ ግን ከእሑድ ጀምራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ትናንት ቅመሽ ብዬ ምሳ ይዤላት ብገባ እጄን አየችው። ሳህኑን አይደለም ሻምበል፣ እጄን። ሽሮ ሲያማስል የኖረ እጅ ነው። ያንገበግበኛል። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያንገበገበኝ ነገር የለም።

ሻምበል፦ እሺ፣ ረጋ በል። የጸሐፊው ስሕተት ነው። ቀለብ ከሞርታሩ ክፍል ጋር ስለምትቀበል ከነሱ ጋር መዘገበህ፣ አለቀ።

ባንተይርጋ፦ እኔም እንደዚያ እያልኩ ነበር ስጽናና የኖርኩት። ከእሑድ ወዲህ ግን እንቅልፍ ስላጣሁ አስታወስኩ። ጸሐፊያችን ያን ጊዜ ቆስሎ ሐኪም ቤት ነበር። የስንብት ወረቀቱን የሞሉልኝ እርስዎ ነዎት።

ሻምበል፦ እኔ ብሆንስ? ለአንተው ብዬ ነው። ወጥ ቤት ብዬ ብሰድህ አገርህ ማን ከቁም ነገር ይጥፍህ ነበር? ውለታ ነው የዋልኩልህ።

ባንተይርጋ፦ ከኔ ጋር አንድ ድስት ሲያማስል ለነበረው ጓደኛዬ ይህን ውለታ ለምን ነፈጉት? እሱ ወጥ ቤት ተብሎ ገብቶ፣ ወጥ ቤት ተብሎ ነው የወጣው።

ሻምበል፦ አንተ ሰውዬ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገር አትርሳ።

ባንተይርጋ፦ አልረሳሁም። ብረሳማ መስታወት ይዤልዎት እቆም ነበር?

ሻምበል፦ አስቀምጠዋ፣ ማን ያዝ አለህ።

ባንተይርጋ፦ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ እንነጋገር። ያን የገበያ ሐሙስ ተኳሹን ወባ ጥሎት እኔ እሳት ዳር ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጥሚት አጠጣው ነበር። ረዳቱ ውሃ ሊቀዳ ወርዷል። ታዲያ ቅምቡላው በራሱ እግር ሄዶ ነው ሞርታሩ ውስጥ የገባው?

ሻምበል፦ ድምፅህን ቀንስ።

ባንተይርጋ፦ የጮህኩት እኔ አይደለሁም፣ ውሻዎ ነው።

ሻምበል፦ ጦር መስሎኝ ነው፣ ባንተይርጋ። እግዜር ያውቃል። ከተራራው ላይ ሆኜ የሚታየኝ አቧራ ብቻ ነበር። የከብት አቧራ መሆኑን በምን ልወቀው?

ባንተይርጋ፦ ነግሬዎት ነበር። «ሻምበል፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ያ ገበያተኛ ነው፣ ሽንኩርቴን የምገዛው ከዚያ ነው» አልኩዎት። ምን አሉኝ?

ሻምበል፦ የዛሬ ስንት ዓመት የተናገርኩትን በምን አስታውሰዋለሁ።

ባንተይርጋ፦ «አንተ ድስትህን ጠብቅ» አሉኝ። እኔም ድስቴን ጠበቅሁ። ድስትህን ጠብቅ ብለውኝ፣ ወዲያው ዞረው ሞርታሩን አሸከሙኝ።

ሻምበል፦ ከበላይ መርማሪ መጣ። ገበያ የመታው ማን ነው፣ ስም አምጣ አለኝ። ያኔ እንዲህ ባለ ነገር ሰው ይረሸን ነበር። ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሩኝ። አንተን አስቀድሜ አሰናበትኩህና «ተኳሹ ተሰናብቶ ወደ አገሩ ሄዷል፣ አድራሻውን አናውቅም» አልኳቸው። አንተም ዳንክ፣ እኔም ዳንኩ። ማንን ጎዳሁ?

ባንተይርጋ፦ ከሁሉም በፊት ለኔ ነው ስንብቱ የወጣው። ደግ አለቃ ሰጠኝ ብዬ እግርዎን ስሜ ነው የሄድኩት። ያስታውሳሉ?

ሻምበል፦ አስታውሳለሁ።

ባንተይርጋ፦ ስስምዎት ዝም አሉ።

ሻምበል፦ ምን ልበልህ ነበር? እየው፣ እኔ ዛሬ የዕድር ዳኛ ነኝ። ባልና ሚስት ሲጣላ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። የልጅ ልጆቼ አያታችን እያሉ ይኮሩብኛል። ተረስቶ ያለቀ ነገር አውጥተህ በሽምግልናዬ ልታዋርደኝ ነው?

ባንተይርጋ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሻምበል፦ ተረትህን ለራስህ። ይልቅ ስማኝ፣ እንታረቅ። ሾፌር ነበር ብዬ ልጻፍልህ። ሾፌር ማንንም አልገደለም።

ባንተይርጋ፦ ወጥ ቤት።

ሻምበል፦ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ልበልህ። ያምራል፣ የተማረ ያስመስልሃል።

ባንተይርጋ፦ ወጥ ቤት ነው ያልኩት። ለአንድ ሻምበል ጦር በአንድ ጀሪካን ውሃ ወጥ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አላፍርበትም። አንድ ውሸት አንሥተው በሌላ ውሸት አይተኩልኝ።

ሻምበል፦ ብፈርምልህ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል? እሱ ካልተኮሰ ማን ተኮሰ ብለው አይጠይቁም?

ባንተይርጋ፦ ጠይቀዋል።

ሻምበል፦ ማን?

ባንተይርጋ፦ የልጁ አጎት። እሑድ ከቤቴ ሲወጡ ተከትዬ ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። ወጥ ቤት ነበርኩ አልኩ። «ታዲያ ማን ነው?» አለኝ።

ሻምበል፦ ምን አልከው?

ባንተይርጋ፦ ሰውን በሌለበት ማማት ነውር ነው፣ ከራሱ አፍ ትሰማላችሁ አልኩት።

ሻምበል፦ መቼ?

ባንተይርጋ፦ ውሻዎ ከቅድም ጀምሮ የሚጮኸው በማን ይመስልዎታል?

ሻምበል፦ መንገደኞች ናቸው አላልከኝም?

ባንተይርጋ፦ ከዋርካ ሜዳ የመጣ ሰው መንገደኛ አይደለም? አጎትየው አለ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ አያቲቱም በበቅሎ ተጭነው መጥተዋል። በርዎ ላይ ናቸው።

ሻምበል፦ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ነበር?

ባንተይርጋ፦ አጥርዎ ቀርከሃ ነው፣ ሻምበል። አያቲቱ ብቻ ጆሯቸው ይከብዳል። ለሳቸው ጠጋ ብለው ይደግሙላቸዋል።

ሻምበል፦ ምነው ባንተይርጋ፣ ምን በደልኩህ? እስክሪብቶውን አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ። አሁኑኑ እፈርማለሁ። አንተ በጓሮ በኩል አስወጣኝና ለሰዎቹ የሉም በላቸው።

ባንተይርጋ፦ እነሆ እስክሪብቶው። ፈረሙም አልፈረሙም ግን በሩን እከፍተዋለሁ። ፊትዎን ይጥረጉ፣ ሳሙናው ደርቆብዎታል።