የቤታችን መብረቅ

እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ሰላምታ የለም። ኧረ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጡ፣ ትራንስፎርመር አለበት... ወዲህ ይበሉ፣ መስኮቱ ጋ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ልጆቹስ? እሰይ፣ እሰይ። ሻዩ ደርሷል፤ ስኳር እንደወትሮው ነው አይደል? ወንድምዎማ ያውልዎ፣ ከጋዜጣው ጀርባ። ዛሬ ንባብ ይዟል፤ ገጽ መግለጡን እንኳ ረስቶታል። አንረብሸው፣ እኛ የራሳችንን እንጫወት።

ይልቅ ስለ ቴስላ ኮይል ሰምተዋል? ምንም እኮ አይደለም፣ ሽቦ ነው። ቀጭን የመዳብ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ፣ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ሳይደረብ፣ ከእግር እስከ አናት ይጠመጠማል። ከታች ኤሌክትሪክ ሲለቁበት ከአናቱ ላይ እየተንጣጣ መብረቅ ይወጣል። ምን ይጠቅማል ቢሉኝ... ደስ ይላል! እዚህ ምድር ቤት እየተሰበሰቡ ይህንኑ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አንዱ ጥርስ ሐኪም ነው፣ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ፣ እና ደግሞ... አንድ የማውቀው ሰው። ስሙን ልተወው። ሰው ማማት እንደማልወድ ያውቃሉ።

እንዴት ያለ ጎበዝ መሰለዎት! በተለይ አነጋገሩ። ባለፈው እሑድ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ሲያሳዩ፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ መሃል ላይ ቆመና «ይህን ጥቅል ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠመጠምኩት እኔ ነኝ» አለ። እጆቹንም ከፍ አድርጎ አሳየን። አቤት ንጽሕናቸው! ሽቦ እንዲህ የሚራራለት እጅ አይቼ አላውቅም። የእኔን ጣቶች ደግሞ ይዩልኝ እስቲ፣ ሹራብ ሲነኩ ክር ይመዛሉ። ከምን እንደሆነ እንጃ... ዕቃ ሳጥብ ይሆናል።

ሚስቱ፣ ያቺ ዕድለኛ፣ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር አሉ። «ጥቅሉን ጨርሺልኝ እንጂ፣ በዕለቱ ማብሪያውን የምትጫኚው አንቺ ነሽ» ብሏት ነበር። ለዚያች ለአንዲት ማብሪያ ብላ ወሩን ሙሉ አቀርቅራ ጠመጠመችለት። ሽቦውን ለአፍታ ከለቀቁት እኮ ተፈትልኮ ይበተናል፣ እትዬ። አፍንጫዋን ሲበላት በትከሻዋ ነበር የምታከው! እሱ ግን መቼ ጨክኖባት? በየማታው ብቅ እያለ «በርቺ!» ይላታል። አንድ ቀን እንዲያውም «ላስነጥስ ነው፣ ጫፉን ያዝልኝ» ብትለው ያዘላት። እውነቴን ነው፣ ያዘላት! ስልኩ ጠራና ለቀቀው እንጂ... እሷም እንደገና ከሀ ጀመረች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ? አንዳንድ ቤት ድሩን አንዱ ያደራል፣ «አንበሳውን አሰርኩት» ብሎ የሚፎክረው ሌላው ነው።

ማብሪያውንስ ማን ተጫነው አሉኝ? እሱ ነዋ! ረስቶት ይሆናል፤ ያን ያህል ሰው እያየው ማን ቃሉን ያስታውሳል? እሷ ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር አሉ... ቀሚሷን የምታስተካክል መስላ ተመልሳ ተቀመጠች። ማታ ኩሽና ገብታ አለቀሰችም ይባላል። እኔ እንጃ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው አሉ፤ ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ተረቱ ረስቶት ይሆን?

ደግሞ ብልህነቱ! ይህ ነገር መሬት ውስጥ የሚቀበር የራሱ የብረት ዘንግ ይፈልጋል፣ ኃይሉ የሚወርድበት። ሰውዬው ግን ማን ግቢ ወጥቶ ይቆፍራል ብሎ የመሬቱን ሽቦ ከውሃ ቧንቧው ጋር አሰረዋ! ያን እሑድ ማብሪያውን ሲጫነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ዳኛ ፊታቸውን ሊታጠቡ ቧንቧውን ነካ ሲያደርጉት... በፎጣ፣ ሳሙናቸውን እንደያዙ፣ ደረጃውን እየዘለሉ ወረዱልዎ። በዱላ ይሄዱ የነበሩ ሰውዬ! የበር ደወል ሁሉ በየቤቱ ብቻውን ይጮሃል፣ ቤታቸው የቀሩት ጎረቤቶች «ማነው?» እያሉ ይከፍታሉ፣ ማንም የለም።

ታዲያ ዳኛው «ይህን የሠራው ማነው?» ብለው ሲጮሁ ያ ትሑት ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥቅሉን የጠመጠመችው እንኳ ባለቤቴ ናት!» አዩልኝ ደግነቱን? ጭብጨባውን ብቻውን ተሸክሞ ደከመውና ቁጣውን አካፈላት። የአብዬን ንዝረት ወደ እምዬ ልክክ! እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?

ውይ፣ ወንድምዎ ሳለ። ውሃ ልስጠው? የቧንቧ ነው ግን...

እና የሰማሁትን ልንገርዎ። ጥርስ ሐኪሙ ትናንት ለሚስትየው ደወለላት አሉ። ማኅበርተኞቹ በጥቅሉ ጥራት ተደንቀው፣ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ወላጅና ተማሪ በተሰበሰበበት፣ ሰውዬው መድረክ ላይ ወጥቶ አዲስ ጥቅል ከመነሻው ጠምጥሞ ያሳየን ብለዋል። «እርስዎስ ያግዙታል?» ቢላት፣ «ኧረ በስመአብ! እኔ ምን አውቄ የባለሙያ ሥራ አበላሻለሁ? ደስ እያለው ይመጣል» አለችው። ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፏል፣ ከነፎቶው። እሷ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ለእርስዎም ቦታ ይዣለሁ... ይዛለች ማለቴ ነው።

ምን ልመርቀው ይሆን? ፈጣሪ መድረኩን ያስፋለት። ሰው ጢም ብሎ ይሙላለት። ክብሩን የሚሻማበት ማንም ከአጠገቡ አይቁም፤ አንዲት ሳትቀር ሁሉም እሱ እንዳለው ይሁንለት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ!