አለምነሽን ሦስት ዓመት እንደመለስኳት

እኛ ስናስተምር በነበረበት ዘመን፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ንፋስ መውጫ ላይ ልጁ የተወለደበትን ቀን በወረቀት ይዞ የሚመጣ ወላጅ አልነበረም። ታዲያ ለትምህርት መድረሱን የምናውቀው በክንዱ ነበር፤ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከያዘ ይመዘገባል፣ ካልያዘ «ለከርሞ» እንለዋለን።

እና አለምነሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት መለስኳት። የለም፣ ልክ ልናገር፣ ሦስት ዓመት ነው። እናቷ ወይዘሮ ደብሬ መስከረም በመጣ ቁጥር ይዘዋት ይመጣሉ፣ ልጅቱ እጇን ታሻግራለች፣ ጣቷ ጆሮዋ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። በአራተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሟም አብሯት መጣና ጆሮውን ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

«እሱ ይገባል፤ እሷ ገና ናት» አልኩ።

«መምህር፣ እሷኮ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች።»

«ምናልባት ቆጠራው ተምታቶብዎት ይሆናል።»

«የወለድኩት ይምታታብኛል?» አሉና የልጅቱን አፍ በጣታቸው ከፈት አደረጉት። «እርስዎ አምና አርብ ገበያ ወርደው በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው ነው የገዙ። የኔን ልጅ ምነው በክንዷ?»

የተሰለፉት ወላጆች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ግን አየሁ። ወንድሟ የፊት ጥርሱ ገና ይነቃነቃል፤ የእሷ የወተት ጥርስ ከፊት ረግፎ ትልልቁ ሁሉ በቅሏል። ቁመቷን ብታዩ ግን አምስት ዓመት አትሞላም።

ታዲያ ክሊኒክ ወደነበረው ድሬሰር፣ ወደ ሐኪም ረዳቱ ማለቴ ነው፣ ይዣቸው ሄድኩ። «እንዴት ትበላለች?» አላቸው።

«ጎረቤቱ ‹ደብሬ ለልጇ ትነፍጋለች› ይለኛል» አሉ፣ የጎረቤቶቻቸውን አፍ አጣመው እያስመሰሉ። «እኔ ገንፎውን በቅቤ፣ በሶውን በጨው አድርጌ እለምናታለሁ። ሦስቴ ጎርሳ ትተወዋለች፤ አንዳንዴም ታስመልሰዋለች። ውሃ ግን አትጠግብም፤ በዚህ ዕድሜዋ መኝታዋን ታረጥባለች። ወስፋት ነው ቢሉኝ ኮሶ አጠጣኋት።»

«ኮሶውን ይተዉ» አለና ለሐኪም ቤት ደብዳቤ ጻፈላቸው።

በጭነት መኪና ሄደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ፤ እና ከቤታቸው በፊት ትምህርት ቤት መጡ።

«ኩላሊቷ ከደከመ ቆይቷል አሉኝ፣ መምህር። ደሟን የሚያጠራው እሱ ነው አሉ፤ እሱ ሲደክም ቆሻሻው ደሟ ውስጥ ይቀራል፣ ምግቡንም የሚያስጠላት ይኸው ነው። አጥንቷም ማደግ አይችልም። ጨው ቀንሺ፣ በግድ አታጉርሺ፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ስጫት፣ ጾም ነው ብለሽ አታስርቢያት አሉኝ።»

«መድኃኒቱስ?»

«የሚያድን የለንም አሉ። ቁመቷም ብዙ አይጨምርም፣ ዕድሜዋንም እግዜር ነው የሚያውቅ አሉኝ።» ልጅቱን ወደ ፊቴ ገፋ አደረጓት። «ታዲያ አሁንም ለከርሞ ይሉኛል?»

አላልኩም፤ እዚያው መዘገብኳት።

እና ፊደሉን ወንድሟ ሳይጨርስ ጨረሰችው። በእረፍት ጊዜ እናቷ የቋጠሩላትን ጨው የሌለው ቂጣ በጥቂት በጥቂቱ ትቆርሳለች፤ የበላችበት ቀን አለ፣ የመለሰችበትም ቀን አለ። አንድ ጎረምሳ «አንቺ ጩጬ» ቢላት፣ «ትናንት ንባቡን ያስጠናችህ ጩጬዋ አይደለች?» አለችው፤ እኔ በመስኮት እሰማለሁ።

ሦስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ አረፈች። ሐኪሙ የሚያድን የለም ካለ እኔ ምን አደርግ ነበር እላለሁ። ግን እሱ ስለ ሕይወቷ ነው። ስለ ትምህርቷማ፣ ያን ሦስት ዓመት ባልወስድባት ኖሮ ስድስተኛ ክፍል ትደርስ ነበር።

«ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ በክንድ መለካቱን ተዉት?» ትሉኝ ይሆናል።

አልተውኩትም፤ ሌላ ምን ነበረን? ብቻ፣ ለከርሞ ያልኩት ልጅ በዓመቱ መጥቶ እጁ ካልደረሰ፣ እናቱን አስቀምጬ «እንዴት ይበላል?» ብዬ እጠይቅ ነበር።