ድምፄ ይለፍ፣ መልኬ ይቅር

ቅዳሜ ዲሴምበር 6 ቀን 2025፣ እስክንድርያ፣ ባሕሪ ሠፈር። ከትናንት ጀምሮ ዝናብና ብርቱ የባሕር ነፋስ አለ። ቃሉ ሲሰጥ የተገኙ፦ ቃል ተቀባይ ረዳት መርማሪ ሸውቂ ዘህራን እና ምስክሯ ብቻ።

የምስክር ስም፦ ሰኒያ ሙርሲ። ዕድሜ፦ 52። አድራሻ፦ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ያለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ ምድር ቤት። ያላገባች። ሥራ፦ የሕንፃውን የጋራ ኢንተርኔት ማከፋፈል።

እርግብ ሻጩ ሐምዳን ሸዋርቢ ትናንት ስለደረሰበት ድብደባ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠይቄ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ።

የሕንፃችን ሰዎች በአንድ የኢንተርኔት መስመር ነው የምንጠቀመው። መስመሩ በእኔ ክፍል ገብቶ ከዚያ በሽቦ ወደየፎቁ ይወጣል። ወደ እኛ የሚመጣው ሰፊ ነው፤ ከእኛ የሚወጣው ግን ጠባብ ነው። አንዱ ቪዲዮ ሲልክ የሌላው ድምፅ ይቆራረጣል። ስለዚህ የሚወጣው ሁሉ እንደ ዳቦ ሰልፍ በተራ እንዲያልፍ ክፍሌ ባለው የመስመር ማከፋፈያ ሣጥን ላይ አስተካክላለሁ። ፊተኛው ያልተጠቀመበት ቦታ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ሥራውን ማን እንዳስተማረኝ ተጠይቄ፣ የተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ከጣላቸው ወረቀቶች እያነበብኩ፣ የቀረውን እየሞከርኩ መሆኑን ተናግሬአለሁ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ባሕር ማዶ ሰው ያለው ቅድሚያ እንዲያገኝ ሕንፃው ተስማምቷል። የመጀመሪያውን ተራ የያዘችው ሦስተኛ ፎቅ ትኖር የነበረችው ራቲባ፣ እኛ በልጇ ስም ኡም ሉጥፊ፣ የሉጥፊ እናት፣ የምንላት ነበረች። አንድ ልጇ ሉጥፊ በዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነው። ሐምዳን ደግሞ በዚያው ሰዓት ጣሪያው ላይ ሆኖ እርግቦቹን በቀጥታ ቪዲዮ እያሳየ ያጫርታል። ተራው ከኋላ ስለሆነ ምስሉ ይደርቅበት ነበር። በደጄ ሲያልፍ "አንቺ ሰኒያ፣ እርግቦቼ ደብዳቤ ይዘው ቢሄዱ ካንቺ ሽቦ ይቀድማሉ" ይለኛል። "እንግዲያው ገዢዎችህንም በእርግብ ጥራቸዋ" እለዋለሁ። ከዚህ ያለፈ ጠብ አልነበረንም።

በበጋው መጨረሻ ኡም ሉጥፊ ታመመች። ፊቷ ቢጫ ሆነ፣ ጉንጯ ገባ። አንድ ቀን ግድግዳ ይዛ ወደ ክፍሌ ወረደችና "ሰኒያ፣ ልጄን ልየው፤ እሱ ግን አይየኝ። ድምፄ ይለፍ፣ መልኬ ይቅር" አለችኝ። ካሜራውን ራሷ እንድትዘጋው ነገርኳት። "ከዘጋሁትማ 'ክፈቺው እማ' ይለኛል፤ እሱን እንቢ ማለት አልችልበትም። መስመሩ ከበላው ግን ማንንም አይቀየምም" አለች። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅዋን ከሁሉ ፊት፣ ምስሏን ከሁሉ ኋላ አደረግሁ።

የእሷ ምስል ይይዘው የነበረው ቦታ እየተላለፈ ሐምዳን ዘንድ ደረሰ። የእርግቦቹ ላባ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታይ ጀመር። በዚያው ሰዓት የኡም ሉጥፊ ምስል እንደሚጠፋ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። "ሐምዳን ሰኒያን ገዝቷታል" ተባለ። መሐላ ስላለብኝ ዝም አልኩ። ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው እያነሰ ሄደ። ዓርብ ዓርብ ሣጥኑ ፊት ተቀምጬ፣ የሰዉ ድምፅ ሲወጣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አያለሁ። እኔ የምደውልለት ሰው ስለሌለኝ ስልኬ በሰልፉ ውስጥ አልነበረም።

ኡም ሉጥፊ ባለፈው ሳምንት አረፈች። ሉጥፊ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። ጎረቤቶች ወሬውን ነገሩት። ትናንት ከሶላት መልስ ብረት ይዞ ደረጃውን ሲወጣ አይቼ ተከተልኩት። ጣሪያው ላይ ስደርስ የእርግቦቹን ቤት ሰባብሮታል፤ እርግቦቹ በዝናብ ውስጥ ተበትነዋል። ሐምዳንን ክንዱ ላይ ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ። "የእናቴን ፊት ለወፍ ሸጥከው!" ይል ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ብረቱን ሲያነሳ በመካከላቸው ገብቼ የእናቱን ቃል እንዳለ ነገርኩት።

"ከኔ? ፊቷን ከኔ?" አለ። ብረቱ ከእጁ ወደቀ፤ እሱም እርጥቡ ላባ ላይ ተቀመጠ። ሐምዳን የተሰበረ ክንዱን አቅፎ "ተነስ ልጄ፣ ይበርድሃል። እርግቦቹ እንደሆኑ ቤታቸውን ያውቃሉ" አለው። ኋላ ፖሊስ መጥቶ ሉጥፊን ያዘ፤ ሐምዳን ሆስፒታል ተወሰደ።

ሐምዳን ከተራው እንዳስቀድመው ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አላስቀደምኩትም። የሞተች ሴት ያስማለችኝን ያፈረስኩት ይህ እንዲታወቅለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ምን እንዳደረግሁ ተጠይቄ፦ የሣጥኑን የተራ ዝርዝር ስከፍት የኡም ሉጥፊ ስም አሁንም አንደኛ ተራ ላይ ነበር። ምንም አያልፍበትም። ስሟን ሳልሰርዝ ከሥሩ የራሴን ስልክ አስገባሁ። ጣሪያ ወጥቼ የወደቀውን ጣውላ አቆምኩ፣ ስንዴ በተንኩ፤ ከዚያ ሆስፒታል ለተኛው ሐምዳን በቪዲዮ ደወልኩ። እርግቦቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ አሳየሁት። "ቀይዋስ መጣች?" አለኝ። ገና ናት አልኩት። "አንቺስ የት ነሽ? ስልኩን ወዳንቺ አዙሪው እስቲ" አለኝ።

አዞርኩት።

ይህ ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ቃሉ የእኔ ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

የምስክር ፊርማ፦ ሰኒያ ሙርሲ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረዳት መርማሪ ሸውቂ ዘህራን