ቆሞ የሚሮጥ ፈረስ

እልኸኛ ሰው ሁሉ ሞኝ አይደለም፤ አንዳንዱ እልኸኛ የሚሆነው ዕድሜውን ሙሉ «ልክ ነህ» ሲባል ስለኖረ ነው። እኚህ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭም እንዲያ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ለፈረስ ኮቴ ብረት ሲመቱ፣ ያነከሰውን ደግሞ ትከሻውን በጋለ ብረት ሲተኩሱ ኖረዋል። ባለጋሪዎች «እጃቸው መድኃኒት ነው» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይህን መስማት አይጠሉም።

አንድ ጠዋት አንድ ባለጋሪ ዳማ ፈረሱን እየሳበ መጣ። ፈረሱ ግራ የፊት እግሩን ያነክሳል፤ የጋሪው ጠፍር የሚያርፍበት ትከሻው ተልጧል። ሽማግሌው ሁለት ቃል ሳይጠይቁ ብረቱን ፍም ውስጥ ከተው ወናፋቸውን ያዙ። በዚህ መሐል የመድኃኒት ሳጥኗ ማጠፊያ ተሰብሮባት ልታስጠግን የመጣች ወጣት የእንስሳት ሐኪም በሩ ላይ ደረሰች። ብረቱን አየች፣ ፈረሱን አየች፣ የመጣችበትንም ረሳች።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ብረት ለማን ነው?»

«ለፈረሱ ነዋ ልጄ! ለራሴ መስሎሽ ነው?»

ባለጋሪው ሳቀ። ሐኪሟም ፈገግ አለች፤ ሽማግሌን በሳቅ እንጂ በቁጣ መርታት እንደማይቻል ታውቃለች።

«ምን እንዲያደርግለት ነው?»

«ክፉ ደም ትከሻው ላይ ተኝቷል። እሳት ካልነካው አይለቅም። አባቴም ይህንኑ ያደርጉ ነበር፣ አያቴም።»

«እሳቸው በዘመናቸው ያወቁትን አድርገዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ይህን እንስሳ የጎዳው ግን ጠፍሩ ነው። በተላጠ ሥጋ ላይ እሳት ጨምረውበት እንዴት ይድናል?»

«ይድናላ! ከተተኮሰ በኋላ ሁለት ሳምንት ሣሩን እየበላ ይቆማል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ልትነግሪኝ ነው?»

«ታዲያ አባቴ፣ የሚያድነው እሳቱ ነው ወይስ ሁለት ሳምንቱ?»

ወናፉ ቆመ። ይህን ጥያቄ በአርባ ዓመት አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም። ወሬውን ቀየሩ።

«ደግሞስ ምን ስቃይ አለውና! አምና ቀኝ ትከሻውን ስተኩሰው ንቅንቅ አላለም። ቢያመው አይጮህም ነበር?»

«እኔ ብነግርዎ አያምኑኝም» አለች ሐኪሟ የልብ ማዳመጫዋን አውጥታ። «ራሱን ይስሙት።»

ሁለቱን ጫፎች ጆሯቸው ላይ አድርጋ፣ ክቡን ጫፍ ከፈረሱ ግራ ክርን ኋላ አሳረፈችው። ሽማግሌው መጀመሪያ ምንም አልሰሙም። ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣ የመሰለ ድምፅ ሰሙ፤ ትልቅ፣ ዝግ ያለ፣ አንዴ መትቶ ቆይቶ የሚመታ። አፋቸው ተከፈተ። ስንቱን ፈረስ ሲያገላብጡ ኖረው የአንዱን እንኳ ልብ ሰምተው አያውቁም።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ?» አሉ በሹክሹክታ፣ ቤተ መቅደስ የገቡ ያህል ተጠንቅቀው።

ሐኪሟ ወደ ባለጋሪው ዞረች። «ወንድሜ፣ ማስፈራራቱን አልወደውም፤ አንዴ ብቻ ብረቱን ከፍሙ ያውጡና እዚያው ይቁሙ። እንዳይቀርቡት።»

ባለጋሪው የጋለውን ብረት አወጣ። ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። በሽማግሌው ጆሮ ውስጥ ግን ያ ዝግ ያለ ልብ ተነሥቶ ይደበድብ ጀመር፤ አንዱ ምት ሌላውን እየረገጠ፣ መቁጠር እስኪያቅት ድረስ።

«ቆሞ እየሮጠ ነው!» ብለው ጮኹ። «መልሰው! መልሰው አንተ ሰውዬ!»

ብረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጨሰ።

«ገና እኮ ማንም አልነካውም» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «አምናን አስታውሶ ነው። ታስሯል፣ የት ይሂድ? ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቆማል። ዝም ማለቱ እሺ ማለቱ አይደለም፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ማዳመጫውን ከጆሯቸው አላወጡም። «እጅዎ መድኃኒት ነው ሲሉኝ እኔም አምኜ…» አሉ።

ባለጋሪው በበኩሉ ጭንቀቱ ሌላ ነው። «የእኔ እህት፣ እሱ ከቆመ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?»

«ቢተኮስም ሁለት ሳምንት መቆሙ አይቀርም ነበር፤ ያውም በሁለት ቁስል። አሁን በጨው ውሃ እያጠቡ ያሳርፉት። ጠፍሩ ወርዶ ደረቱ ላይ ይረፍ፣ ከሥሩም ለስላሳ ጨርቅ ይሰፋበት። ያልቆሰለ ፈረስ አይለግምም፣ አይራገጥም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ጅራፉም ይቀርልዎታል፤ ፈሪ እንስሳ ግማሽ ጉልበቱ በፍርሃት ያልቃል። ደግሞ ይህ ሁሉ ጥቅም ባይኖረው እንኳ የሚፈራና የሚያስታውስ ፍጥረት ነው፤ ይህ ብቻውን አይበቃም?»

ባለጋሪው ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ግን ከዚህ ሁሉ ምክር አንዲት ቃል አልሰሙም፤ ጆሯቸው ተይዟል። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ድረስ እጃቸውን በፈረሱ አንገት ሥር አሻግረው መዳፋቸውን አምና በተኮሱት ጠባሳ ላይ ጭነው ቆሙ። ልቡ ቀስ በቀስ፣ እየተጠራጠረ፣ ወደ ቀድሞው እርምጃው ተመለሰ። ያን ጊዜ ማዳመጫውን አውልቀው በሁለት እጃቸው መለሱላት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ረጋልኝ» አሉ። «በይ ልጄ፣ ጠፍሩ እንዴት ይሁን? እንደገና አስተምሪኝ።»